እናቲቱ እንሰትና የሶፍትዌር አለቃ

ከሆሳዕና ወጣ ብለው በሚገኙት ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በዱራሜና በአንጋጫ፣ በዶዮገናና በሺንሺቾ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፣ ከቤቱ ጀርባ ጓሮውን እንደ ቅጥር ከቦ የሚቆመውን እንሰት ገበሬው የሚያበዛው ዘር በመዝራት ሳይሆን ከእናቲቱ ሥር ችግኝ በማፍላት መሆኑን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚያፈላበትን መንገድ ግን ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሲያየው በመጀመሪያ ጥፋት ይመስለዋል። ገበሬው ዕድሜው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት የሚደርሰውን፣ ጤነኛና ግንደ ወፍራም የሆነውን ተክል ይመርጥና፣ አሚቾ ከሚባለው ከሥሩ ከፍ አድርጎ ግንዱን ይቆርጠዋል፤ ቀጥሎም በአሚቾው መካከል ያለውን፣ ተክሉ ወደ ላይ የሚያድግበትን እምብርት ፈልፍሎ ያወጣዋል፤ የተፈለፈለውንም ሥፍራ አፈርና ፍግ ሞልቶበት መልሶ ይቀብረዋል። እምብርቱ በሥፍራው ሳለ በዙሪያው የተኙትን ቡቃያዎች ሁሉ አፍኖ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ያ ተክል፣ እምብርቱ ከወጣለት በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40 እስከ 200 የሚደርሱ ችግኞችን ከአፈር በላይ ይሰዳል።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሶፍትዌር ሥራ አለቆች ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ እነርሱ ለመናገር ከዚያ አሚቾ የተሻለ መጀመሪያ አላገኘሁም። ሶፍትዌር የሚባለውን ነገር ምን እንደ ሆነ ያልተማረ አንባቢ እንኳ በሌላ መንገድ ሳያውቀው አይቀርም፤ ገንዘብ ሊያወጣ ባንክ ሄዶ፣ ወይም ግብር ሊከፍል ከገቢዎች መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ተቀብሎ በባዶ እጁ የተመለሰ ሰው፣ ሶፍትዌርን በመታጣቱ ዐውቆታል ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ምን እንደሚሠራ፣ የማን ሒሳብ ከማን እንደሚቀነስ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም መስመር ቢቋረጥ በጅምር ያለውን ጉዳይ እንዴት እንደሚያደርገው አንድ በአንድ የሚታዘዝበት ጽሑፍ ኮድ ይባላል፤ ሶፍትዌርም የዚህ ጽሑፍ ድምር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ጀምሮ የማይጨርሰው፣ አምስትም አሥርም መቶም ሆነው የሚጽፉት፣ ተጽፎም እንደ መጽሐፍ የማይዘጋ፣ ሕግ በተለወጠና ደንበኛ በጨመረ ቊጥር የሚታደስ ሥራ በመሆኑ፣ ሰዎቹን የሚያስተባብር መሪ የግድ ያስፈልገዋል።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ዋቸሞ የሚለውን የጥንት ስሟን ለዩኒቨርሲቲዋ አውርሳ ራሷ በበዓለ ሆሳዕና ስም የምትጠራ ከተማ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረና በዱራሜም ካምፓስ ከከፈተ ወዲህ፣ ኮምፒዩተር ተምረው የሚወጡት ወጣቶች ከዓመት ወደ ዓመት በዝተዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና ከክልሉ መንግሥት መቀመጫ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሊያዛውሩ የሚገባቸው መሥሪያ ቤቶችም በደጃቸው ተከፈቱ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት በነጻ ሲታወጅ፣ ስልክና የኢንተርኔት መስመር ያለው ሁሉ የፕሮግራም አጻጻፍን መነሻ የሚያገኝበት በር ተገኘ። ወንድም ወይም አጎት ደቡብ አፍሪካ የሌለው ቤተ ሰብ በሀዲያና በከምባታ ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ በወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ለሩቅ አገር የሚሠራበት ሙያ ለዚህ ሕዝብ ምን ትርጉም እንዳለው እኔ ሳልነግረው ይረዳዋል።

ስለዚህ ኮድ የሚጽፍ ወጣት ከእንግዲህ በእነዚህ ከተሞች አይጠፋም፤ የሚያሳስበኝ የሚመራው ሰው ነገር ነው። በልማዳችን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ካሉት ኮድ ጸሐፊዎች መካከል እጁ የፈጠነውንና አእምሮው የሰላውን መርጠን፣ ጥቂት ደመወዝ ጨምረን፣ ከዛሬ ጀምሮ የቡድን መሪ ነህ እንለዋለን፤ ሹመቱም የእጁ ሥራ ዋጋ ሆኖ ስለ ተሰጠው፣ እርሱ የተሾመበትን ምክንያት ይዞ ለመቀጠል፣ ይኸውም ከሁሉ በልጦ ለመጻፍ ይተጋል። ከእርሱ በታች ያሉት የዘገዩ ይመስሉታል፤ ለማስረዳት ከሚያጠፋው ሰዓት ይልቅ ራሱ ቢጽፈው ይቀለዋል፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ሥራ ከእጃቸው እየተቀበለ ሲሄድ፣ ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ሁሉ በእርሱ ራስ ውስጥ ተከማችቶ፣ ሌሎቹ የእርሱን መልስ በመጠበቅ ቀናቸውን የሚፈጁ ይሆናሉ። የእንሰቱም እምብርት ቡቃያዎቹን የሚያፍናቸው ብርቱና ጤነኛ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት የስድስት ወጣቶች መሪ ሆኜ በተሾምሁ ጊዜ፣ ቀን ስብሰባ ውዬ ሌሊት ኮድ እጽፍ ነበር፤ ወጣቶቹ ማታ ጽፈውት የሄዱትን ጠዋት ሲመጡ ተለውጦ ያገኙታል፤ እኔም ይህን እንደ ትጋት እቈጥረው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ታምሜ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። በዚያ ጊዜ በሲስተሙ ላይ አንድ ትንሽ ብልሽት ተፈጠረ፤ ከስድስቱ ግን ደፍሮ የሚነካው አልተገኘምና ደንበኞች በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» እየተባሉ ተመለሱ። ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ ከመካከላቸው አንዲት ወጣት፣ ብልሽቱ የት እንዳለ በመጀመሪያው ቀን እንዳየችው፣ ነገር ግን «የእርስዎን ሥራ መንካት» እንደ ፈራች በለሰለሰ ድምፅ ነገረችኝ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ኀዘን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ያቺ ልጅ ዕውቀቱ ነበራት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ የተማረችው ግን የእኔን ሥራ መፍራት ነበር።

ኦሪት ዘፀአትን ያነበበ ሰው ይህን ደዌ በቀላሉ ይለየዋል። ሊቀ ነቢያት ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶት፣ በዚህ ዓይነት እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ አስረድቶ፣ የሺህና የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ምክሩ ብቻ አይደለም፤ ባሕር የተከፈለለት ያ መሪ ከምድያም የመጣ እንግዳ የሰጠውን ተግሣጽ ሰምቶ በዚያው መፈጸሙ ነው። በእኛ ዘመንም ኢንቴል የተባለውን የኮምፒዩተር ኩባንያ የመራው አንድሩ ግሮቭ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአመራር መጽሐፍ፣ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ፍሬ የሚለካው በገዛ እጁ በሠራው ሳይሆን በሥሩ ያሉትና ከእርሱ ጋር የሚገናኙት ክፍሎች ባፈሩት መሆኑን አስረድቷል። በሌላ ቋንቋ የዮቶርን ነገር መናገሩ ነው።

ሥራ ሲዘገይ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ አገራችን የቆየ መልስ አላት፤ ደቦ ይጠራል። አንድ ሰው በአሥር ቀን የሚቆፍረውን መሬት አሥር ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ እንሰት በሚፋቅበትም ወቅት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው፣ አንዷ ስትፍቅ ሌላዋ ስትጨምቅ፣ ብቻዋን ወር ሊፈጅባት የሚችለውን በጥቂት ቀን ይፈጽሙላታል። የሶፍትዌር ሥራም በዘገየ ጊዜ አለቃው ተጨንቆ አምስት አዲስ ሰው ቢለምን፣ የበላዩም ቢፈቅድለት፣ ሁለቱም የሚያስቡት እንደ ደቦ ነው፤ ነገር ግን ደቦ የሚሠራው መሬቱ ስለሚከፈል፣ በዚህ ጥግ የሚቆፍረው በዚያ ጥግ ያለውን ሳይጠይቅ መቆፈር ስለሚችል ነው። ኮድ እንዲህ አይከፈልም። አይ.ቢ.ኤም. በ1964 እ.ኤ.አ. ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ለዓለም ባስታወቀ ጊዜ፣ ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ሶፍትዌር ያስጻፈው ፍሬድሪክ ብሩክስ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በተሰለፈበት በዚያ ሥራ መዘግየቱን በዓይኑ አይቶ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይብሱን ያዘገየዋል ሲል የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያስታውሱትን ፍርድ ሰጠ።

ምክንያቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። አራት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ አንድ ነገር ቢሠሩ፣ የሚነጋገሩት ጥንዶች ስድስት ናቸው፤ ስምንት ሲሆኑ ጥንዶቹ 28 ይሆናሉ፤ አሥራ ሁለት ሲሆኑ 66 ይደርሳሉ። ሰው በሦስት እጥፍ ሲያድግ መነጋገሩ በአሥራ አንድ እጥፍ ያድጋል፤ አዲስ የመጡትንም የሚያስተምሩት እነዚያው ሥራው የዘገየባቸው ነባሮች ስለ ሆኑ፣ ሊረዳ የተጠራው ደቦ የባለቤቱን እጅ ያስራል። እንግዲህ አለቃው ማድረግ ያለበት ከዚህ የከበደ ነገር ነው፤ ሥራውን ወደሚለያዩ ክፍሎች አስቀድሞ መከፋፈል፣ ከተስፋውም ውስጥ የሚቀነሰውን መርጦ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለባለጉዳዩ እውነቱን መናገር። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ የሚባለው ጠባይ ይህን ያከብደዋል፤ የበላይ ሲጠይቀን «እሺ፣ ይደርሳል» እንላለን፤ ያልነው ተስፋም በታናናሾቹ እንቅልፍ ይከፈላል። ይሉኝታ በቤትና በጎረቤት መካከል የከበረ ነገር መሆኑን አልክድም፤ የቀጠሮን ቀን በሚመለከት ግን፣ ለአለቃ አፍሮ በሰዎቹ ጫንቃ ላይ ሸክም የሚጭን መሪ ታማኝ መጋቢ ነው ለማለት አልደፍርም።

አሁን ወደ ከምባታ እመለሳለሁ፤ ስለ መሪነት የማውቀው ታላቅ ትምህርት የሚገኘው ከኮምፒዩተር ቤት ሳይሆን ከዚያ ነው። ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ገጠር ተወልዳ፣ ሴት ልጅ በማትማርበት ዘመን ውኃ ልትቀዳ የሄደች እየመሰለች ተደብቃ ፊደል የቈጠረች፣ በኋላም በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት የተማረች ሴት ነበረች። በ1997 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ ተመልሳ ከእኅቷ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የሚባለውን ማኅበር አቋቋመች፤ የስሙም ትርጓሜ የከምባታ ሴቶች ተባብረው ስለሚሠሩት ሥራ የሚናገር ነው። ወደ ሕዝቡ የመጣችው ትልቅ ጉዳይ ይዛ ነበር፤ የሴት ልጅን ግርዛት ማስቀረት፣ ጠለፋን ማስቆም፣ ስለ ኤች.አይ.ቪ. በግልጽ መነጋገር። ይሁን እንጂ ጉዳይዋን ባቀረበች ጊዜ የአገሩ ሰዎች ያሳሰባቸው ሌላ ነገር መሆኑን ነገሯት፤ ልጆቻቸው ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎቻቸውም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበራቸውም።

የተማረ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ስናገር እናንተ ስለ ድልድይ ታወራላችሁን ብሎ ያዝናል፤ ወይም ስብከቱን አስረዝሞ ይቀጥላል። ቦጋለች ግን ድልድዩ እንዲሠራ ገንዘብ አገኘች፤ ሕዝቡም በጉልበቱ ተባበረ፤ ድልድዩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሲሰበሰቡ ሰሟት፤ እርሷም በበኩሏ የማኅበረሰብ ውይይት በተባለው ሥርዓት፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም እኩል ተቀምጦ ራሱ እንዲናገርና ራሱ እንዲወስን አደረገች። እንደ ተዘገበው፣ በአካባቢው በሴት ልጅ ሁሉ ላይ ይፈጸም የነበረው ግርዛት በ10 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ3 በመቶ በታች ወረደ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም የንጉሥ ቦድዊን ሽልማት የተሰጣትም ስለዚህ ሥራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዐርፋለች።

እኔ ይህን ታሪክ ለሶፍትዌር አለቆች ደጋግሜ የምነግረው፣ እያንዳንዱ አዲስ አለቃ እንደ ቦጋለች የራሱን ትልቅ ዓላማ ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ አንዱ የኮዱን አጻጻፍ ሥርዓት ሊለውጥ፣ ሌላው ሁሉም ነገር ከመውጣቱ በፊት እንዲፈተሽ ሊያዝዝ፣ ሦስተኛው አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ሊያስገባ ያስባል፤ ዓላማውም ደግ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለብቻ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ «ሥራህን የሚያሰናክልብህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚሰማው መልስ ከእርሱ ዓላማ ጋር የማይገናኝ፣ እጅግ ተራ ነገር ይሆናል። መብራት በጠፋ ቊጥር የጽሑፉ ግማሽ ይጠፋበታል፤ ላፕቶፑ ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሥራ የሚያዝዙት ሁለት አለቆች ሰኞ የተባባሉትን ረቡዕ ይሽሩታል። ድልድዩ ይህ ነው፤ አለቃው መጀመሪያ ይህን ሊሠራ ይገባዋል፤ ያንኑ ግማሽ ሰዓትም በየሳምንቱ ሊደግመው ይገባዋል። እንዲህ ዝቅ ብሎ መጠየቅ መሪን አያሳንሰውም፤ የሆሳዕናን ከተማ ስም ያሰበ ሰው ያ በዓል በአህያ ውርንጭላ ላይ ተቀምጦ ስለ ገባ ንጉሥ መሆኑን ያስታውሳል፤ እኔም በዚያ ከተማ መንገድ ስሄድ ይህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል።

በእነዚህ አገሮች ደግሞ መስማት ከሌላው ቦታ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት አምስት ወጣቶች አንዱ በሀዲይኛ፣ አንዱ በከምባትኛ፣ አንዱ በስልጥኛ አፉን የፈታ ይሆናል፤ የሚሰበሰቡት በአማርኛ ነው፤ የሚጽፉት ኮድና የሚያነቡት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። በሦስተኛ ቋንቋው የሚናገር ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም፤ ዝም ያለውን ሁሉ የማያውቅ የሚመስለው አለቃም ከሰዎቹ የተሻለውን ሊያጣ ይችላል። ሁለት የአንድ አገር ልጆች አንድ አስቸጋሪ ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተነጋግረው መፍትሔውን ወደ ስብሰባው ይዘው ቢመጡ፣ ይህን እንደ ሐሜት የሚቈጥር አለቃ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ሊፈቀድ ብቻ ሳይሆን ሊበረታታ የሚገባ ነገር ነው እላለሁ፤ የጋራው ውሳኔ ሁሉም በሚረዱት ቋንቋ ተጽፎ ከተቀመጠ ማንም አይጎዳበትም።

ስሕተት ሲደርስ አለቃ የሚፈተንበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን አንባቢ አይረሳውም። በሲስተሙ ላይ ከተደረገ የማሻሻያ ሥራ የተነሣ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ፣ ሌሊቱን በየገንዘብ ማውጫው ማሽን ፊት ሰልፍ ቆመ፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋርጦ፣ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን፣ አደጋውም የውጭ ጥቃት እንዳልነበረ አስታወቀ። የሚበዛው ገንዘብ በኋላ ተመልሷል። እንዲህ ያለ ሌሊት በታላላቆቹ የዓለም ኩባንያዎችም ይደርሳልና፣ የሚለያዩት በማግሥቱ በሚጠይቁት ጥያቄ ነው። «ማን ነው?» ብሎ የሚጀምር አለቃ አንድ ስም ያገኛል፤ ስሙም ሲቀጣ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል። «ያ ለውጥ ሳይፈተሽ የሚያልፍበት ቀዳዳ የት ነበር? ስሕተቱንስ ከደንበኛው በፊት ያላየነው ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር ግን ለሚቀጥለው ሌሊት የሚጠቅም ነገር ያገኛል። ሰው ኃላፊነት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ሆን ብሎ ያጠፋ በሕግ ይጠየቅ፤ ነገር ግን አንድ ደክሞት የነበረ ሰው አንድ ቃል በመሳሳቱ የአገር ባንክ የሚናወጥ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከጣቱ ይልቅ በዙሪያው ባለው ሥርዓት ውስጥ ነው።

የሐርቫርዷ መምህርት ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሆስፒታሎች ውስጥ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ስትመረምር፣ የተሻለ ኅብረት ያላቸው የነርሶች ቡድኖች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ስሕተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ነገሩ በመጀመሪያ ግራ አጋብቷት ነበር፤ ቈይታ ስትመረምረው ግን፣ በእነዚያ ክፍሎች የሚሳሳተው ሰው በዝቶ ሳይሆን ስሕተቱን የሚናገረው ሰው ስላልፈራ መሆኑን ተረዳች። ስሕተት ሪፖርት የማይደረግበት ክፍል ንጹሕ መስሎ የሚታየው ሁሉም ስለሚደብቅ ነው። እኔ በታመምሁ ጊዜ ያቺ ወጣት ብልሽቱን አይታ ዝም ያለችው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ስለ ነበረች ነው።

የሌላውን ኮድ ማረም የሚባለውም ሥራ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ቅኔ ከየኔታ ፊት ሲነግር፣ የኔታ ምሥጢሩ የተፋለሰበትን ወይም ዜማው የጎደለበትን ቤት ያርሙለታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቅኔው የተማሪው ነው፤ በየኔታ ስም አይጠራም። እኔ ሌሊት ሌሊት የወጣቶቹን ኮድ እየደለዝሁ የራሴን ስጽፍበት የነበረው ግን እርማት አልነበረም፤ ቅኔያቸውን መቀማት ነበር።

መሪ ሥፍራውን ሲለቅ የሚሆነውን ለማየት፣ ስለ ደቡቡ አገር የተጻፈውን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያነብ ሰው ከአንድ እንግዳ ነገር ላይ ይደርሳል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰባኪዎች በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ወላይታ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ከምባታ መጥተው ለዐሥር ዓመት ያህል ከደከሙ በኋላ፣ ጣልያን አገሩን ሲይዝ ተገድደው ወጡ። በወላይታ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ቤቱ ጠባቂ የሌለው፣ እምነቱም ገና ጥሬ ነበረ፤ ስደትና እስራትም ተከተለ። ጦርነቱ አልቆ ሲመለሱ ግን በዚያ አገር ወደ 10,000 የሚጠጉ ምእመናን ቆዩአቸው፤ በሀዲያና በከምባታም እንዲሁ ትተውት ከሄዱት እጅግ የበዛ ሕዝብ አገኙ። አብያተ ክርስቲያናቱን የሠሩት፣ ሽማግሌዎችን የመረጡት፣ መንደር ለመንደር የዞሩት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለነገረ መለኮት ሊቃውንት ትቼ፣ መሪነትን በሚመለከት ብቻ ስመለከተው፣ እነዚያ ሰባኪዎች ቆይተው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ የአገር ልጅ ለመምራት ሥፍራ ያገኝ ነበርን ብዬ እጠይቃለሁ፤ ለራሴ የምሰጠውም መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም የሚል ነው። እምብርቱን ያወጣው የጠላት እጅ ሆነ፤ ችግኙ ግን ፈላ።

እኔም ከበሽታዬ ከተነሣሁ በኋላ ሥራውን በስድስት ከፍዬ፣ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሁለት ሰው የሚያውቀው እንዲሆን አድርጌ ለወጣቶቹ ሰጠሁ፤ የሲስተሙንም የይለፍ ቃል ከእኔ ሌላ ለሦስት ሰዎች አስረከብሁ። ያን ጊዜ ያሳለፍሁት ወራት ቀላል አልነበረም። ጠዋት ገብቼ የሚሠራ ነገር በእጄ ስላልነበረ፣ ደመወዜን በከንቱ የምበላ እየመሰለኝ አፍር ነበር፤ አንድ ሰዓት በማይፈጅብኝ ነገር ላይ አንድ ወጣት ሁለት ቀን ሲያድር እጄን ይበላኝ ነበር፤ አንዳንዴም አልቻልሁም፤ ተቀብዬ ጻፍሁት፤ በማግሥቱም ይቅርታ ጠይቄ መለስሁለት። ቀኔን የምሞላው በመጠየቅ፣ ከበላይ አለቆች ጋር በመከራከር፣ ለመብራቱ መጠባበቂያ ባትሪ በማስገዛትና የተነጋገርነውን በመጻፍ ሆነ።

ሰባት ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ በአንድ የጾም ሰሞን ጠዋት ስነቃ በስልኬ ላይ ከዚያች ወጣት የተላከ መልእክት አገኘሁ፦ «ጋሼ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቆሞ ነበር፤ ምክንያቱን አግኝተን 9 ሰዓት ሳይሞላ አስነሥተነዋል፤ እርስዎን አልቀሰቀስንም።» ከሥሩ የሁለት ሰዎች ስም ነበረበት፤ ሁለተኛው ወደ እኛ ከመጣ ገና አራት ወር ያልሞላው ልጅ ነበር።